የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ለኮምፒውተሬ የትኛው የቪዲዮ ማጫወቻ ይሻለኛል?

«ምርጡ የቪዲዮ ማጫወቻ የትኛው ነው?» የሚል ጥያቄ በየጊዜው ይደርሰናል። ጥያቄው ብቻውን ሲመጣ ለመመለስ ያስቸግራል፤ መልሱ የሚወሰነው በማሽኑ ዕድሜና በፋይሉ ውስጥ ባለው ነገር ነውና። የዛሬዎቹ ጠያቂዎቻችን ግን ችግራቸውን ዘርዝረው ስለጻፉልን እኛም ዘርዝረን ለመመለስ ችለናል።

ጥያቄ፣ ከአዳማ፦ ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። ላፕቶፔ ሁለተኛ እጅ የተገዛ፣ ኮር አይ5 ሦስተኛ ትውልድ ነው፤ ራሙ 4 ጊጋባይት፣ ሲስተሙ ዊንዶውስ 10። አሜሪካ ያለችው እህቴ የልጇን ክርስትና በአይፎን ቀርጻ በቴሌግራም ላከችልኝ። በቪኤልሲ ስከፍተው ምስሉ ይቆራረጣል፣ ድምፁም ቀድሞ ይሄዳል። የዊንዶውሱ ማጫወቻ ደግሞ ኮዴክ ግዛ ይለኛል። ሌሎች ፊልሞች ግን ያለ ችግር ይሠራሉ። ጓደኞቼ አንዱ ኬኤምፕሌየር፣ ሌላው ፖትፕሌየር ጫን ይሉኛል። የቱን ልጫን?

መልስ፦ ማጫወቻ ቢቀያይሩም ችግሩ አይለቅዎትም። ምክንያቱን ማወቁ ደግሞ ወደፊትም ስለሚጠቅምዎ ትንሽ እናብራራው።

ከፋይሉ ስም ቀጥሎ የሚታየው ኤምፒ4፣ ኤምኬቪ ወይም ኤቪአይ የሚነግረን መያዣውን ብቻ ነው። የመሶብ ክዳን ታይቶ ውስጡ ሽሮ ይሁን ዶሮ እንደማይታወቅ ሁሉ፣ ሁለት ኤምፒ4 ፋይሎችም ፈጽሞ የተለያየ ነገር ሊይዙ ይችላሉ። ኮምፒውተሩን የሚያደክመው ኮዴኩ ነው፤ ምስሉ የታመቀበት ዘዴ ማለት ነው። አብዛኞቹ ፊልሞች የሚታመቁበት ኤች 264 እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ ነው። በ2013 የመጣው ኤች 265፣ በሌላ ስሙ ኤችኢቪሲ፣ ተመሳሳይ ጥራት ያለውን ምስል በግማሽ ያህል መጠን ያስቀምጣል፤ ለመፍታት ግን እጅግ የበዛ ስሌት ይጠይቃል። አይፎኖች ከ2017 ጀምሮ፣ ማለትም ከአይኦኤስ 11 ወዲህ፣ በዚህ ዘዴ መቅረጽ ይችላሉ፤ የእህትዎም ስልክ እንደዚያ ሳይሆን አይቀርም።

ቺፑ ውስጥ ለኮዴኩ ተብሎ የተሠራ ክፍል ካለ ቪዲዮው ያለ ድካም ይጫወታል፣ ባትሪም አይጨርስም። ከሌለ ዋናው ፕሮሰሰር ሁሉንም ራሱ እያሰላ መፍታት ይኖርበታል። በኢንቴል ቺፖች ላይ የእርስዎ ሦስተኛ ትውልድ ኤች 264ን በዚህ ልዩ ክፍል ይፈታል፤ ኤች 265ን ግን አያውቀውም። ባለ 8 ቢቱን ኤች 265 ሙሉ በሙሉ መፍታት የጀመረው ስድስተኛው ትውልድ ነው፤ ባለ 10 ቢቱን፣ ማለትም ቀለሙ ይበልጥ የረቀቀውን፣ ሰባተኛው። ኤቪ1 የተባለው አዲሱ ኮዴክ ደግሞ ከአሥራ አንደኛው ትውልድ ጀምሮ ነው የሚደገፈው። ላፕቶፕ ሊገዙ ያሰቡ አንባቢያን ይህን ልብ ቢሉ ገንዘባቸው ከንቱ አይቀርም። ከአይ5 ቀጥሎ የተጻፈው ቁጥር 3320 ከሆነ ሦስተኛ፣ 6300 ከሆነ ስድስተኛ ትውልድ ነው ማለት ነው።

ቪኤልሲ፣ ኤምፒሲ-ኤችሲ እና ኤምፒቪ ከውጭ ሲታዩ የተለያዩ ናቸው፤ ቪዲዮ የሚፈቱት ግን ኤፍኤፍኤምፔግ በተባለው አንድ ዓይነት የፕሮግራም ስብስብ ነው። ስለዚህ ማሽኑ አቅም ሲያጣ ሦስቱም አብረው ይደክማሉ። በመካከላቸው ልዩነት ቢታይ ለቀላል ጉዳይ እንጂ እጅግ ከፍተኛ ጥራት ላለው ባለ 4ኬ ቪዲዮ አይተርፍም።

መጀመሪያ ጥርጣሬያችንን ያረጋግጡ። ቪዲዮው በቪኤልሲ እየሄደ ኮንትሮልና «ጄ»ን አብረው ይጫኑ። በሚከፈተው መስኮት «ኮዴክ» በሚለው ገጽ ላይ የኮዴኩን ዓይነት፣ የምስሉን ስፋትና በሴኮንድ ስንት ፍሬም (ነጠላ ምስል) እንዳለው ያገኛሉ። «ስታቲስቲክስ» በሚለው ገጽ ላይ ደግሞ «ሎስት» የሚለው የጠፉ ፍሬሞች ቁጥር እየጨመረ ከሄደ ኮምፒውተሩ መድረስ አቅቶታል። ታስክ ማናጀርን ከፍተው የፕሮሰሰሩ መስመር ወደ 100 በመቶ ተጠግቶ ካዩት ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም።

ከዚያ የሚያደርጉት ይህ ነው። ላፕቶፑን ቻርጅ ላይ ይሰኩት፤ በባትሪ ቁጠባ ላይ ያለ ፕሮሰሰር ፍጥነቱን ራሱ ይቀንሳል። ፋይሉን ከፍላሽ ላይ ሳይሆን ወደ ሃርድ ዲስኩ ገልብጠው ያጫውቱ። ምስሉ ባለ 1080 (ከላይ ወደ ታች 1080 መስመር ያለው) ሆኖ በሴኮንድ 30 ፍሬም ከሆነ በዚህ ብቻ ሊስተካከል ይችላል። ባለ 4ኬ ከሆነ ግን ወደ ኤች 264 ይቀይሩት። ሃንድብሬክ የተባለውን ነፃ ፕሮግራም ጭነው ፋይሉን ይክፈቱ፤ ከተዘጋጁት ምርጫዎች «ፋስት 1080ፒ30» የሚለውን ይምረጡና «ስታርት ኢንኮድ»ን ይጫኑ። የጥራት ቁጥሩ 22 ላይ ይሆናል፤ አይንኩት። በእንደዚህ ያለ ማሽን ሥራው ከቪዲዮው ርዝመት በላይ ጊዜ ሊፈጅ ስለሚችል ማታ አስጀምረውት ይተኙ። ዋናውን ፋይል ግን በፍጹም እንዳያጠፉ፤ ነገ የተሻለ ማሽን ሲኖርዎት የክርስትናው ቀን በሙሉ ጥራቱ የሚገኘው እዚያ ላይ ነው።

ከሁሉም የሚቀለው ግን እህትዎን መጠየቅ ነው። በቴሌግራም ላይ አንድ ቪዲዮ «ፋይል» ተብሎ ሲላክ እንደተቀረጸ ይመጣል፤ እንደ ተራ ቪዲዮ ሲላክ ግን ቴሌግራም ራሱ ያሳንሰዋል፣ የሚደርስዎትም ለመጫወት የቀለለ ነው፤ ጥራቱ ግን ይቀንሳል። ለወደፊቱ ከፈለጉ በአይፎኑ ሴቲንግ ውስጥ «ካሜራ»፣ ከዚያ «ፎርማትስ» ገብታ «ሞስት ኮምፓቲብል»ን ትምረጥ። ፋይሉ ይገዝፋል እንጂ የእርስዎ ላፕቶፕ በቀላሉ ያጫውተዋል።

የዊንዶውሱን ኮዴክ አይግዙ። ክፍያው 1 ዶላር እንኳ ባይሞላም ችግርዎን አይፈታም፤ ቪኤልሲ ኮዴኩን በነፃ ይዞ ይመጣልና። ወደ ጥያቄዎ ስንመለስ፣ ቪኤልሲዎን እንደያዙ ይቆዩ። ተጨማሪ ከፈለጉ ኤምፒሲ-ኤችሲን እንመክራለን፤ ቀላል ነው፣ በአሮጌ ማሽን ላይ ፈጥኖ ይከፈታል። የመጀመሪያዎቹ አዘጋጆች በሐምሌ 2017 (እ.ኤ.አ.) ሥራቸውን ቢያቆሙም ሌሎች ተረክበው እስካሁን ያድሱታል፤ ስለዚህ በየድረ ገጹ ከተበተነው 1.7.13 ቁጥር ይልቅ አዲሱን አዘጋጆቹ ሥራቸውን ከሚያስቀምጡበት ጊትሃብ ከተባለው ድረ ገጽ ያውርዱ። ፖትፕሌየር ጥሩ ማጫወቻ ነው፤ ማስተካከያዎቹ ግን ለጀማሪ ያደናግራሉ። ሲጭኑት እያንዳንዱን ገጽ ያንብቡ፤ ያልጠየቁት ነገር አብሮ እንዳይገባብዎት።

ጥያቄ፣ ከባህር ዳር፦ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ለአጭር ፊልማችን የአማርኛ ሰብታይትል በኖትፓድ ጻፍኩ። በእኔ ኮምፒውተር በደንብ ይታያል፤ በጓደኛዬ ላይ ባዶ ሳጥን ብቻ ነው የሚያሳየው፣ በሌላው ደግሞ የጥያቄ ምልክት። ማጫወቻው አማርኛ ስለማይችል ነው?

መልስ፦ ማጫወቻው ይችላል። አንተ የነገርከን ሁለት የተለያዩ በሽታዎችን ነው፤ መድኃኒታቸውም ለየቅል ነው።

ባዶ ሳጥን ማለት ፊደሉ በትክክል ደርሷል፣ የሚስለው ፎንት ግን ጠፍቷል ማለት ነው። በጓደኛህ ቪኤልሲ ላይ «ቱልስ»፣ «ፕሪፈረንስስ»፣ ከዚያ «ሰብታይትልስ» የሚለውን ገጽ ክፈትና ፎንቱን የግዕዝ ፊደል ወዳለው ቀይር። ዊንዶውስ 10 እና 11 ላይ ኢብሪማ አብሮ አለ፤ በቆዩት ዊንዶውሶች ላይ ኒያላ ይገኛል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ወይም አቢሲኒካን በነፃ አውርዶ መጫንም ይቻላል። «ሴቭ» ብለህ ማጫወቻውን ሙሉ በሙሉ ዘግተህ ክፈት፤ ካልዘጋኸው ለውጡ ላይታይ ይችላል።

የጥያቄ ምልክቱ ከዚህ የከፋ ነው። ፋይሉ አንድ ቦታ ላይ «አንሲ» በሚባለው አሮጌ አጻጻፍ ተቀምጦ የአማርኛው ፊደል ጠፍቷል ማለት ነው። ከእንዲህ ዓይነት ፋይል ምንም ማጫወቻ ፊደሉን መልሶ አያወጣም፤ ከዋናው ቅጂ እንደገና አስቀምጠው። በኖትፓድ «ሴቭ አዝ» ብለህ ከታች «ኢንኮዲንግ» በሚለው ላይ የአማርኛን ፊደል የሚይዘውን «ዩቲኤፍ-8»ን ምረጥ። አሮጌ ኖትፓድ ወደ አንሲ ስለሚያዘነብል ፋይሉን በሌላ ሰው ኮምፒውተር ላይ ሲያርሙ ነው ብዙ ጊዜ የሚበላሸው።

ሦስተኛ ምልክትም አለ፤ በላያቸው ነጥብና ጭረት ያለባቸው የላቲን ፊደላት ተደርድረው ከታዩ ፋይሉ ጤነኛ ነው፣ ማጫወቻው ግን በተሳሳተ አጻጻፍ እያነበበው ነው። እዚያው የሰብታይትል ገጽ ላይ «ዲፎልት ኢንኮዲንግ»ን ወደ ዩቲኤፍ-8 መቀየር ይበቃል።

የሰብታይትሉ ስም ከቪዲዮው ስም ጋር አንድ ይሁን፤ በአንድ ፎልደርም ይቀመጡ። ጽሑፉ ከንግግሩ ከቀደመ በቪኤልሲ «ኤች»ን፣ ከዘገየ «ጂ»ን ተጫን፤ እያንዳንዱ ጭነት 50 ሚሊሴኮንድ ነው። ኪቦርድህ አማርኛ ላይ ከሆነ ወደ እንግሊዝኛ መልሰው። መጀመሪያ ላይ ተስተካክሎ ቆይቶ እየራቀ ከሄደ ግን በእነዚህ ቁልፎች አይድንም። ያ የሚሆነው ሰብታይትሉ በሴኮንድ 25 ፍሬም ለሚሄድ ቅጂ ተዘጋጅቶ ቪዲዮው 23.976 ሲሆን ነው፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሁለት ደቂቃ ተኩል ያህል ይራራቃሉ። ሰብታይትል ኤዲት በተባለው ነፃ ፕሮግራም የፍሬም መጠኑን ቀይረህ እንደገና አስቀምጠው።

ጥያቄ፣ ከደሴ፦ ልጆቼ እንደምን ናችሁ። የልጄ ሠርግ የተቀረጸበት ዲቪዲ አለኝ፣ 1998 ዓ.ም. ነው። የልጅ ልጄ በአዲሱ ኮምፒውተር ሲያስገባው ዊንዶውሱ አልከፍትም አለ። በሌላ ማጫወቻ ሲከፍተው ደግሞ ሰው ሲንቀሳቀስ ምስሉ እንደ ማበጠሪያ ይቆራረጣል። ዲቪዲው ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ እናታችን፣ ዲቪዲው ደህና ይመስለናል። አይስጉ። ዊንዶውስ 10 እና 11 ዲቪዲ ማጫወቻ አብሯቸው አይመጣም፤ በቪኤልሲ ግን ያለ ክፍያ ይከፈታል። የልጅ ልጅዎ «ሚዲያ» ከሚለው ሜኑ «ኦፕን ዲስክ»ን ይምረጥ።

ያ የማበጠሪያ ጥርስ የሚመስለው መስመር ብልሽት አይደለም። በዚያ ዘመን የነበሩ ካሜራዎች ለቴሌቪዥን ተብለው የተሠሩ ስለነበሩ አንዱን ምስል ለሁለት ከፍለው፣ ጎዶሎ ቁጥር ያላቸውን መስመሮች ለብቻ፣ ሙሉ ቁጥር ያላቸውንም ለብቻ በየተራ ይቀርጹ ነበር። በሴኮንድ 50 ግማሽ ምስል ማለት ነው። የድሮው ቴሌቪዥን ይህን ተቀብሎ ያሳያል፤ የኮምፒውተር ስክሪን ግን ሁለቱን ግማሾች ባንዴ ሲያወጣ በመካከላቸው የተንቀሳቀሰው እጅ ወይም ነጠላ ይሰነጣጠቃል። በቪኤልሲ «ቪዲዮ» ከሚለው ሜኑ «ዲኢንተርሌስ»ን «ኦን» ያድርገው፤ «ዲኢንተርሌስ ሞድ» ላይ ደግሞ «ያዲፍ 2ኤክስ»ን ይምረጥ። እስክስታው ሳይቀር ጥርት ብሎ ይታያል።

አሁን ዋናው ነገር ቅጂ ማስቀመጥ ነው። በቤት የተቀዳ ዲቪዲ መረጃውን የሚይዝበት ቀለም ከዕድሜና ከሙቀት ጋር ይደበዝዛል፤ ዛሬ የሚነበበው በሚቀጥለው ዓመት ላይነበብ ይችላል። ሜክኤምኬቪ የተባለው ፕሮግራም የዲቪዲውን ይዘት ምንም ጥራት ሳይቀንስ ወደ አንድ የኤምኬቪ ፋይል ያወጣዋል። ያ ፋይል በሁለት የተለያዩ ቦታዎች ይቀመጥ፤ አንዱ ከቤት ውጭ፣ ልጅዎ ጋ ቢሆን መልካም ነው። ዲስኩ ቆሻሻ ካለበት በለስላሳ ጨርቅ ከመካከሉ ወደ ጠርዙ ቀጥ አድርገው ይጥረጉት፤ እያዞሩ መጥረግ ጭረቱን በንባቡ አቅጣጫ ስለሚያደርገው የባሰ ይጎዳል።

ጥያቄ፣ ከዱባይ፦ አንድ ድረ ገጽ ላይ ቪዲዮ ልከፍት ስል «ኮዴክ ስለሌለሽ ይህን አውርጂ» አለኝ። ላውርደው?

መልስ፦ አታውርጂው። ቪኤልሲ ካለሽ ከማንም የምትጨምሪው ኮዴክ የለም፤ እንዲህ ያለው ማስታወቂያ የተለመደ የቫይረስ ማጥመጃ ነው። ማጫወቻውንም ቢሆን ከባለቤቶቹ ገጽ ብቻ አውርጂ፤ የቪኤልሲ ቪዲዮላን ዶት ኦርግ ነው። ፕሮግራሙ ነፃ ነው፤ ገንዘብ የጠየቀሽ ካለ የውሸት ቅጂ እየሸጠ ነው። በፋይል ኤክስፕሎረር የፋይል ስም ቅጥያዎች እንዲታዩ አድርጊ፤ ስሙ በኤምፒ4 የሚያልቅ መስሎ ከኋላው «ኢኤክስኢ» ካለበት ቪዲዮ አይደለም፣ አትንኪው። ከሰው የመጣ ፍላሽ ላይ ያሉት ፊልሞች እያንዳንዳቸው 1 ወይም 2 ኪሎባይት ብቻ ሆነው ከታዩም አትክፈቻቸው፤ ቫይረሱ ዋናዎቹን ደብቆ በቦታቸው ሾርትከት ስላስቀመጠ ነው። መጀመሪያ ፍላሹን በጸረ ቫይረስ አስፈትሺ፣ ከዚያ «ቪው» በሚለው ውስጥ «ሂድን አይተምስ»ን አብሪ፤ ብዙ ጊዜ ፊልሞቹ እዚያው ናቸው።

ጥያቄ፣ ከአዲስ አበባ፦ ፊልም ሳይ ንግግሩ አይሰማም፤ ድምፅ ስጨምር ሙዚቃው ቤቱን ያናጋዋል።

መልስ፦ ፊልሙ ለስድስት ስፒከር የተቀነባበረ ነው፤ በሁለት ስፒከር ሲጨመቅ ንግግሩ ይዋጣል። በቪኤልሲ ኮንትሮልና «ኢ»ን ተጭነው ከፍተኛውንና ዝቅተኛውን ድምፅ የሚያቀራርበውን «ኮምፕረሰር» የሚለውን ያብሩ፤ «ትሬሽሆልድ»ን ወደ 20 ዴሲቤል ከዜሮ በታች ያውርዱት፣ «ሜክአፕ ጌይን»ን 10 አካባቢ ያድርጉት። ዋናውን ድምፅ ከ100 በመቶ በላይ አያሳልፉ፤ የላፕቶፕ ስፒከር በዚያ ይቀደዳል።

ጥያቄ፣ ከጅማ፦ ከጓደኛዬ 6 ጊጋባይት የሚሆን ፊልም በፍላሽ ልገለብጥ ስል «ፋይሉ በጣም ትልቅ ነው» ይላል፤ ፍላሹ ግን 32 ጊጋ ነው። ሌላ ፊልም ደግሞ እየተገለበጠ መብራት ሄደ፤ አሁን በየትኛውም ማጫወቻ አልከፈት አለ።

መልስ፦ የመጀመሪያው የፍላሹ አደረጃጀት ነው። ፋት32 በሚባለው የተዘጋጀ ፍላሽ አንድ ፋይል ከ4 ጊጋባይት እንዲበልጥ አይፈቅድም፣ ባዶ ቦታው የቱንም ያህል ቢሆን። ውስጡ ያለውን ሁሉ ወደ ኮምፒውተር ካወጡ በኋላ ፍላሹን በቀኝ ጠቅታ «ፎርማት» ብለው «ኤክስፋት»ን ይምረጡ። ከመኪና ሬዲዮ ወይም ከድሮ ዲኮደር ጋር የሚጠቀሙበት ከሆነ ግን ሁሉም ኤክስፋትን አያነቡም፤ ለእነሱ ሌላ ፍላሽ ይያዙ።

ሁለተኛው ፋይሉ ኤምፒ4 ስለሆነ ይመስለናል። በኤምፒ4 ውስጥ እያንዳንዱ ምስልና ድምፅ የት እንዳለ የሚያሳይ ማውጫ አለ፤ ይህ ማውጫ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው በፋይሉ መጨረሻ ነው። መብራት ሲሄድ መጨረሻው አልደረሰምና ማጫወቻው 90 በመቶው ቢኖረውም መግቢያ ያጣል። ኤምኬቪ ወይም ኤቪአይ ቢሆን ኖሮ የደረሰውን ያህል ባጫወተ ነበር። ዋናው ጓደኛዎ ጋ ስላለ እንደገና መገልበጥ ነው የሚሻለው። ዋናው የሌለው፣ ለምሳሌ ካሜራው ባትሪ ጨርሶ የተቋረጠ ቀረጻ ከሆነ፣ አንትራንክ የተባለ ነፃ ፕሮግራም አለ፤ በዚያው ካሜራ፣ በዚያው ማስተካከያ የተቀረጸ ጤነኛ ቪዲዮ ሲሰጡት ማውጫውን መልሶ ለመሥራት ይሞክራል። ስክሪን የምትቀርጹ አንባቢያንም መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ ካላችሁ በኤምኬቪ ቅረጹ፤ ሲያልቅ ወደ ኤምፒ4 መለወጥ የደቂቃ ሥራ ነው።

ጥያቄ፣ ከሀዋሳ፦ የቋንቋ መምህር ነኝ። በትምህርት ቤታችን ላብራቶሪ ያሉት ኮምፒውተሮች ኢንተርኔት የላቸውም፣ ራማቸውም 2 ጊጋ ነው። ተማሪዎች አንድ ዓረፍተ ነገር ደጋግመው እንዲሰሙና ንግግሩን ቀስ አድርገው እንዲያዳምጡ እፈልጋለሁ። በምን ላድርገው?

መልስ፦ በቪኤልሲ። መጫኛውን አንዴ አውርደው በፍላሽ ለሁሉም ይድረሱ፤ መጠኑ 40 ሜጋባይት አካባቢ ነው፣ ሲጫን ኢንተርኔት አይጠይቅም፣ በዊንዶውስ 7 ላይም ይሠራል። ሲስተሙ ባለ 32 ቢት ከሆነ የ32 ቢቱን መጫኛ ይያዙ፤ ሌላው እምቢ ይላል።

«ቪው» በሚለው ሜኑ «አድቫንስድ ኮንትሮልስ»ን ሲያበሩ ከታች አዲስ የቁልፎች ረድፍ ይወጣል። «ኤ» እና «ቢ» የተጻፈበትን ቁልፍ ዓረፍተ ነገሩ ሲጀምር አንዴ፣ ሲያልቅ አንዴ ይጫኑት፤ ያ ክፍል ብቻ እየተደጋገመ ይጫወታል። ሦስተኛ ሲጫኑት ይለቃል። ፍጥነቱን ለመቀነስ የግራውን የማዕዘን ቅንፍ «[» ቁልፍ፣ ለመጨመር የቀኙን «]» ይጠቀሙ፤ የእኩል ምልክቱ ወደ ቦታው ይመልሰዋል። ቪኤልሲ ሲያዘገይ የድምፁን ቅጥነት ስለሚጠብቅ ተናጋሪው አይጎረንንም። እስከ 0.7 ድረስ ጥሩ ነው፤ ከዚያ ሲወርድ ተነባቢዎቹ ስለሚጎተቱ ተማሪው የተሳሳተ አነጋገር ይለምዳል። ቪዲዮዎቹን ቀድመው ወደ ኤች 264፣ ባለ 480 ወይም 720 ይቀይሯቸው፤ ለእነዚያ ማሽኖች ከዚያ በላይ አያስፈልግም፣ ለሁሉም መገልበጡም ይፈጥናል።